የደረቁ ወንዝ ሰባት ገጾች

ጥቅምት 6

ይድረስ «ወንዙ የጠፋባት ከተማ»ን ለጻፉት እመቤት፣

ደብዳቤዎ በመጽሔቱ ቢሮ በኩል ዞሮ ዞሮ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታውን ሳየው ስድብ መስሎኝ ነበር። ሂስ ለሚጽፍ ሰው ከሚላከው አብዛኛው ስድብ ነው፤ ምስጋና ከመጣም የሚመጣው ከደራሲው እናት ነው። የእርስዎ ከሁለቱም አይደለም፤ ስለዚህ እንዴት እንደምመልስ ስቸገር ዋልኩ። ማሽን የነካው ጣትዎ እንዴት ሆነ? መጻፍ እያመመዎት መጻፍዎን ሳነብ አፍሬያለሁ።

ስለ ስሜ ጠይቀዋል። «ሚዛን» የብዕር ስሜ ነው። እንጀራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ሊፍት በሞተር ብቻ የሚወጣ ይመስላል እንጂ በገመዱ በሌላው ጫፍ የሚወርድ ከባድ ብረት አለ፤ እኛ ሚዛን እንለዋለን። ስሙን ያመጣሁት ከዚያ ነው፤ ፈራጅ ነኝ ለማለት አይደለም።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። መጽሔቱ የሰጠኝ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጥሩውን አሳጥሬዋለሁ፤ እዚህ ልዘርዝረው። እንዲህ ያሉ፣ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እየተነበበላቸው የሚጫወቷቸው የጀብዱ መጻሕፍት ብዙ አይቻለሁ። በአብዛኞቹ ጭራቁ በር ላይ ቆሞ ተጫዋቾቹ እስኪመጡ ይጠብቃል፤ መጥተው ሲገድሉት ወርቅ ይወድቃል፤ ወርቁን ይዘው ወደሚቀጥለው በር። የእርስዎ ከተማ ሰዎች ግን ማንም ባይመጣ እንኳ የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ውኃ ሻጯ ወንዙ ከጠፋ ወዲህ ከብራለች፤ እንዲመለስ አትፈልግም፤ ሆኖም ክፉ አይደለችም። ምንጩ ላይ የተኛችው ዘንዶም ወንዙን የያዘችው በስስት ሳይሆን እንቁላሏ በሙቀት እንዳይሞትባት ነው። ተጫዋቹ ሰይፉን መዞ እዚያ ከደረሰ በኋላ ሰይፉን የት እንደሚያስቀምጠው ይጨንቀዋል። ይህን ማድረግ የሚችል ጸሐፊ ጥቂት ነው።

ስለ ጉድለቱ የጻፍኩትን ግን አላነሳም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው ወጥመድ ሦስት ዳይስ ተጥሎ «ከአሥራ ስምንት በላይ» ካልመጣ አይከፈትም ይላል። ዳይስ ትልቁ ቁጥሩ ስድስት ነው። ሦስት ጊዜ ስድስት አሥራ ስምንት ነው፤ ከዚያ በላይ በጸሎትም አይመጣም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ይኸውልዎ። ሦስቱ ተጓዦች የደረቀውን ወንዝ ሆድ ይዘው ወደ ምንጩ ይሄዳሉ። ሰባት ገጽ ሙሉ ጠላት የለም፣ ወጥመድ የለም፣ ዳይስ አይጣልም። ጨዋታውን የሚመራው ሰው «ትሄዳላችሁ። ፀሐይ ገና ናት። ምን ትነጋገራላችሁ?» ብሎ ያነባል። ገጽ ይገለጣል፤ ድንጋዩ ትንሽ ይለወጣል፤ ደግሞም «ምን ትነጋገራላችሁ?»። «እነዚህ ሰባት ገጾች ተቀደው ቢወጡ መጽሐፉ አይጎድልበትም» ያልኩት ለዚህ ነው።

ስጫወተው አብረውኝ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ለጠየቁኝ፣ ወረቀቱ ስላለቀብኝ በሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
ሚዛን

―――

ጥቅምት 22

ይድረስ ለአቶ ሚዛን፣

ወረቀቱ አላለቀም ነበር። ከፊርማዎ በታች ግማሽ ገጽ ባዶ ነው። ሌላው ሁሉ ያማረ መልስ ስለሆነ ይህችን እያየሁ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጣቴ ድኗል፤ አመሰግናለሁ። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪሙ የሰውን አፍ ቅርጽ በሰም ወስዶ ይልክልኛል፤ እኔ በጄሶ አፍስሼ፣ ጥርሱን ተክዬ፣ ሞርጄ እመልሳለሁ። መደርደሪያዬ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አፍ ተደርድሯል። አንዳንዴ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ የራሴን ሥራ አያለሁ። ሰላም ልበለው ይለኛል፤ ምን ብዬ? ዝም ብዬ አልፋለሁ።

የወፍጮ ቤቱን ነገር አንብቤ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ስጽፈው «ከአሥራ ሁለት በላይ» ነበር። በማን እጅ እንደተለወጠ አላውቅም፤ አራሚውም እኔው ስለነበርኩ ሌላ ሰው ላይ አላላክክም። ታዲያ መጽሐፉን የገዛ ሁሉ እስከ ዛሬ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ነው ማለት ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ የምጨቀጭቅዎት ልከራከር ብዬ እንዳይመስልዎት። ገጾቹ መጥፎ ከሆኑ መጥፎ ናቸው። እውነቱን ልንገርዎትና መጥፎ ቢሆኑ ሳይሻለኝ አይቀርም። ግን እርግጠኛ መሆን አለብኝ። እኛ ቤት ከባለቤቴ ጋር ስንሞክረው እዚያ ቦታ ላይ ሰው ወሬ አላቆመም ነበር። እርስዎ ቤት ሁሉም ዝም ካለ ምክንያቱ ገጹ ነው ወይስ ሰዎቹ? ስለዚህ ደግሜ እጠይቃለሁ፦ አብረውዎት የተጫወቱት እነማን ነበሩ? በዚህ ጊዜ ሰፊ ወረቀት ይጠቀሙ።

አክባሪዎ፣
ጥርስ ሠሪዋ

―――

ኅዳር 9

ይድረስ ለጥርስ ሠሪዋ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። የአንድ ሕንፃ ሊፍት ገመድ ስንለውጥ ሰነበትን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ገመዱን ግን በሁለት ቀን ጨርሰናል።

ማንም አልነበረም።

ድሮ ሦስት ጓደኞች ነበሩኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወት ነበር። አንዱ አገባ፤ መጀመሪያ አርፍዶ መምጣት፣ ቀጥሎ ቀድሞ መሄድ፣ ቀጥሎ መቅረት። አንዱን ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። ሦስተኛው እዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንደዋወል» እንባባላለን። ሰው ተጣልቶ ሲለያይ ቢያንስ ቀኑን ያውቀዋል። የእኛ እንዲህ ነው የሚባል ቀን የለውም።

መጽሔቱ ግን መጽሐፍ መላኩን አላቆመም። እኔም ጠረጴዛዬ ዙሪያ ሦስት ወንበር አስቀምጬ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወርኩ እጫወታለሁ። እዚህ ስቀመጥ ጦረኛ፣ እዚያ ስቀመጥ ሌባ፣ መስኮቱ ጋ ጠንቋይ፤ ለማንበብ ስነሳ መሪ። ለውጊያ ይበቃል። ለወጥመድም ይበቃል፤ ዳይስ ሰው አይመርጥም። እንዲያ ሆኜ ስንቱን መጽሐፍ መዝኛለሁ፤ ያማረረም የለም።

የእርስዎ መጽሐፍ ላይ ስደርስ «ምን ትነጋገራላችሁ?» ብዬ ለራሴ አነበብኩ። ተነሥቼ የጦረኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለራሴ የምነግረው አዲስ ነገር አጣሁ። ገጹን ገለጥኩት፤ ደግሞ ጠየቀኝ። በስድስተኛው ገጽ ተናድጄ ነበር። ሂሱን የጻፍኩት በዚያው ቀን ነው።

አሁን ምን ላድርግ? ለመጽሔቱ እርማት ልላክ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ። ለባለቤትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሚዛን

―――

ኅዳር 25

አቶ ሚዛን፣

እርማት አይላኩ። «ብቻዬን ስለነበርኩ ተሳስቻለሁ» ቢሉ ስህተት መሆኑን በምን ያውቃሉ? ለብቻዎ ተጫውተውም ቢሆን ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ማወቂያው አንድ ነው፦ ሦስት ሰው ፈልገው እንደገና ይጫወቱት።

«ከየት አምጥቼ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የከተማውን ሊፍት ሁሉ የሚያውቅ ሰው ከዚያ ሁሉ ሊፍት ውስጥ ከሚወጣው ሕዝብ ሦስቱን ያጣል? የግድ ጨዋታውን የሚያውቁ መሆን የለባቸውም። የእኔዎቹም አያውቁም ነበር። ባለቤቴ፣ እህቱና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበሩ። ልብስ ሰፊው ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ጠንቋዩን «ባለሞያው» እያለ ነው የጠራው፤ ጠንቋይ ማለት ይከብደዋል።

ሰላምታዎን ለባለቤቴ እንዳደርስ ጠይቀውኛል። ሲገኝ አደርሳለሁ።

ሥራ በዝቶብኛል፤ ብርድ ሲገባ ሰው ጥርሱን ያስታውሳል መሰለኝ። በሉ ሰው ይፈልጉ።

ጥርስ ሠሪዋ

―――

ጥር 3

ይድረስ ለጥርስ ሠሪዋ፣

አገኘሁ። ማሰቡ ራሱ ብዙ ቀን አሳመመኝ፤ ሲሆን ግን በአንድ ጠዋት ሆነ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት የተከራየሁትን ቤት ባለቤት፣ አከራዬን ነው። ምድር ቤት የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው ገና አፌን ሳልከፍት «ቧንቧው ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ጨዋታ ነው» አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከገባሁ ጀምሮ ከቧንቧ ሌላ አነጋግሬያቸው አላውቅማ። ከዚያ «ቁጭ በል፤ ምን ዓይነት ጨዋታ?» አሉ።

ሁለተኛው ሊፍቱን የምጠግንለት ረጅም ሕንፃ ጥበቃ ነው። ሦስተኛዋ እዚያው ምድር ላይ ያለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ለሁለቱም አንድ ላይ ነገርኳቸው፤ እንቢ ለማለት እርስ በርስ ተያዩና አንዳቸውም ቀድመው ሳይሉት ቀሩ።

እሑድ ከሰዓት እማማ ቤት ተሰበሰብን። «እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ትሆናላችሁ። እኔ የሚያጋጥማችሁን አነባለሁ፤ እናንተ የምታደርጉትን ትናገራላችሁ። ስትጠራጠሩ ዳይስ ይፈርዳል» አልኳቸው። ፈዋሽነቱን ለእማማ አስቤ ነበር። «ሳስታምም የኖርኩት ይበቃኛል፤ ሰይፍ ስጠኝ» አሉና ጦረኛ ሆኑ። ጥበቃው «ዕድሜዬን ሙሉ ሌባ ስጠብቅ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልሰረቅኩም» ብሎ ሌባነቱን ወሰደ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጠንቋይ ናት፤ እያንዳንዱን ድግምት እንደ ማዘዣ አገላብጣ አንብባ «ይሄ ከሌላው ጋር ይወሰዳል?» ትላለች።

አሁን ጥሩና መጥፎውን ልንገርዎት። ውኃ ሻጯ ከጠበቅኩት በላይ ሠርታለች። እማማ ሰይፋቸውን ትተው የውኃ ዋጋ ሊያስቀንሱ ከእሷ ጋር ሲከራከሩ አመሹ፤ አሸነፉም። የከተማው ካርታ ግን ያሳስታል፤ ሰሜኑ በር ሥዕሉ ላይ ምሥራቅ ነው ያለው፤ ጥበቃው ነው ያገኘው። ወፍጮ ቤቱን አሥራ ሁለት አድርጌ አሳለፍኳቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያለው ውጊያ ረዝሟል፤ እማማ መሐሉ ላይ «ይሄ ሰውዬ አይሞትም እንዴ?» ብለው ሻይ ሊያፈሉ ተነሡ።

የፊታችን እሑድ ጥበቃው ፈረቃ ስላለበት በሚቀጥለው እሑድ ደረቁ ወንዝ ላይ እንገባለን። ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ደረሳቸው?

ሚዛን

―――

ጥር 11

አቶ ሚዛን፣

ይህ ደብዳቤ ከእሑድ በፊት እንዲደርስዎ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያዩትን እንዳዩት ይጻፉልኝ። ከተዋወቅን ወዲህ ደግ ሆነዋል፤ ደግነትዎን ፈራሁት። ሰዎቹ ካዛጉ አዛጉ ይበሉ። ላለማስከፋት ብለው አንዲት ቃል አይጨምሩ።

ስለ ባለቤቴ ደግመው ጠይቀዋል። ይህ እሑድ ካለፈ በኋላ እመልሳለሁ።

ጥርስ ሠሪዋ

―――

ጥር 19

ይድረስ ለጥርስ ሠሪዋ፣

ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል። ባሉኝ መሠረት እንዳየሁት እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ አዛጉ። «ምን ትነጋገራላችሁ?» ስላቸው ተሳሳቁ። እማማ «እኔ የምለው የለኝም፤ ዝም ብለን እንሂድ» አሉ። እሺ፣ ዝም ብላችሁ ትሄዳላችሁ አልኩና ገጹን ገለጥኩ። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ። በልቤ «ይኸው፣ ልክ ነበርኩ» ብያለሁ፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ እሱንም አልደብቅዎትም።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ጥበቃው፣ ሌባው ማለቴ ነው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «እናንተ ሁለታችሁ ጠዋት ስትገቡ ሰላም ትሉኛላችሁ፤ ማታ ስትወጡ ሰላም ትሉኛላችሁ። ስሜን የሚያውቅ አለ?»

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ እኔን አየችኝ፤ እኔ ዳይሶቹን አየሁ። አናውቅም ነበር። እሱ አልተቀየመም። ነገረን፤ «እንግዲህ ወንዙን ሳናገኝ ብንሞት እንዳትቸገሩ» አለ።

ከዚያ በኋላ እኔ ገጽ ከመግለጥ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ልጅቷ እንዲህ አለች፦ «መድኃኒት ቤት ዘግቼ ስወጣ ለመጨረሻው ሰው ያልኩት ቃል አፌ ላይ እንዳለ ቤቴ እገባለሁ። ‘በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።’ እስከሚነጋ ሌላ ቃል የምናገረው ሰው የለም።» እማማም ሰይፋቸውን ተደግፈው፣ ይኸውም መጥረጊያውን ነው፣ ስለ ልጃቸው ነገሩን። ሩቅ አገር ነው። «ሲደውል ‘ደህና ነሽ?’ ይለኛል፤ ‘ደህና ነኝ’ እለዋለሁ። ‘አንተስ?’ እለዋለሁ፤ ‘ደህና ነኝ’ ይለኛል። እንዲህ ተባብለን እንዘጋዋለን። ሁለታችንም ደህና ነን» አሉና ሳቁ፤ ሳቁም አልዘለቀ። ልጅቷ እጃቸውን ይዛ የቀሩትን ገጾች ሄደች።

ሰባተኛው ገጽ ሲያልቅ ጥበቃው «ሌላ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሰባቱ ገጾች የመጽሐፉ ልብ ናቸው። ቢቀደዱ የሚቀረው ጥሩ ገበያና ጥሩ ዘንዶ ያለው ተራ መጽሐፍ ነው። ለመጽሔቱ እንደዚያው ጽፌ ልኬዋለሁ፤ በሚመጣው እትም ይወጣል። የቀሩትን ጉድለቶችም አልማርኩም፦ ካርታው፣ ውጊያው፣ ወፍጮ ቤቱ፤ እንዲሁም መጨረሻው። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ዘንዶዋ ጋ ስንደርስ በሦስት ገጽ አባረሩን። አንድ ሌላም ጉድለት አለ፤ እማማ ናቸው ያስተዋሉት። «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «መሪ አይናገርም፤ መሪ ያነባል» አልኳቸው። «ታዲያ መሪውን ማን ያናግረዋል?» አሉ። መጽሐፉ መልስ የለውም።

እንኳን ደስ ያለዎት። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ መታደል ነው። ይህን ለባለቤትዎም ያንብቡላቸው።

ሚዛን

―――

ሚያዝያ 2

አቶ ሚዛን፣

ደብዳቤዬን ስትጠብቁ ከርማችኋል፤ አራታችሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የላካችሁልኝ ካርዶች ሁሉ ደርሰውኛል። አልታመምኩም። አልተቀየምኩም። የምጽፍበት አፍ አጣሁ።

ባለቤቴ መኪና ቀቢ ነበር፤ ነበር ያልኩት ሞቶ ሳይሆን እዚህ ስለሌለ ነው። እሱና እኔ አንጣላም ነበር። ዝምታ ነበር እንጂ። እራት እናቀርባለን፤ ጨው እንቀባበላለን፤ መብራት ይጠፋል። ይህ እንዴት እንደጀመረ ሁለታችንም ብንጠየቅ አናውቅም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ጨዋታ እወደው ነበርና አንድ ነገር አሰብኩ። ሰው በራሱ አፍ ያልተናገረውን የሌላ ሰው ስም ብሰጠው ይናገር ይሆናል ብዬ መጽሐፍ መጻፍ ጀመርኩ። ገበያውም ዘንዶዋም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ የጻፍኳቸው ሰባቱን ገጾች ነው። ለእሱ ነው የጻፍኳቸው።

እህቱንና ልብስ ሰፊውን የጠራሁት እንዳይነቃብኝ ነው። እሱ ጋሻ ጃግሬ ሆነ። ደረቁ ወንዝ ላይ ስንደርስ ሁለቱ ያወሩ ነበር፤ እሱም እየቆየ መናገር ጀመረ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ ጋራዥ፣ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ተናገረ። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ አምስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ አለ፦ «እስከ ምንጩ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ወንዙ ሲለቀቅ ግን እኔ ወደ ከተማዋ አልመለስም። ስወጣም አውቄው ነበር፤ ለማን እንደምናገረው ነው የጠፋኝ።»

ልብስ ሰፊው አጨበጨበለት። «ተዋናይ ነህ» አለው።

እኔ መሪ ነበርኩ። ተጫዋች ሲናገር መሪ አያቋርጥም፤ ያንን ሕግ መጽሐፉ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ገጹን ገለጥኩና «ትሄዳላችሁ። ፀሐይ ገና ናት» ብዬ አነበብኩ።

መጽሐፉ ታትሞ ከመምጣቱ በፊት ሄደ። በጨዋነት ነው የሄደው፤ ቤቱን አጽድቶ፣ የሚያንጠባጥበውን ጣሪያ ደፍኖ። የእርስዎ ሂስ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፉን ካመሰገኑት ሁሉ መካከል «ሰባቱ ገጾች ተቀደው ይውጡ» ያሉ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ተስፋ ያደረግኩት በእርስዎ ነው። ገጾቹ ከንቱ ከሆኑ እዚያ ላይ የተባለውም ከንቱ ነው እላለሁ፤ ጨዋታ ነበር እላለሁ፤ አንድ ቀን ይመለስ ይሆናል እላለሁ። በፈጣን ፖስታ እውነቱን ይጻፉልኝ ያልኩዎት «ገጾቹ ከንቱ ናቸው» የሚለው እውነት እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው።

የእማማንና የጥበቃውን ነገር ሳነብ አለቀስኩ፤ ለእነሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም። አዲሱን ሂስዎንም መጽሔቱ ላይ አይቼዋለሁ። ጥሩ ነው። ሦስት ገጽ ስለሆነው መጨረሻ ያሉትም ልክ ነው፤ ስደርስበት የመጻፍ አቅም አልነበረኝም።

በእርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ጥርስ ሠሪዋ

―――

ሚያዝያ 14

ይድረስ ለጥርስ ሠሪዋ፣

«እንኳን ደስ ያለዎት» ማለቴን እያሰብኩ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ስወርድ ስወጣ ሰንብቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው ማለቴንም።

ፍርዴን ግን ላነሳው አልችልም። ብችል ኖሮ ለእርስዎ ስል ዛሬውኑ አነሳው ነበር፤ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ የተናገሩትን ግን ምን ላደርገው? ገጾቹ ጥሩ ናቸው። ባለቤትዎም የልባቸውን ነው የተናገሩት ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤዎን ለማንም አላነበብኩም። እማማ ግን ፊቴን አይተው «ሴትዮዋ ምን ሆነች?» አሉኝ። «ብቻዋን ናት» አልኳቸው፤ ከዚያ በላይ አላልኩም። ትንሽ አሰቡና «እሷ ራሷ ያንን ወንዝ ሄዳዋለች?» አሉ።

አልሄዱትም። ሁልጊዜ አንባቢዋ እርስዎ ነበሩ። እኔም አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ወደ እኛ የሚመጣው ባቡር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከእርስዎ ከተማ ይነሣል። እማማ ትርፍ አልጋ አላቸው፤ አንጥፈውታልም፤ እንቢ ቢሉ የሚያኮርፉት እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ጥበቃው ፈረቃውን ይለውጣል። መጽሐፉን እኔ አነባለሁ። እርስዎ የፈለጉትን ሰው ሆነው ይሂዱ፤ ከእርስዎ የምንፈልገው መሄድ ብቻ ነው።

ሚዛን

―――

ሰኔ 5

ሚዛን፣

ደህና ገባሁ። ባቡሩ ዘግይቶ ነበር፤ እማማ የቋጠሩልኝ ዳቦ ግን ከዘገየው ሁሉ በለጠ፤ ከፊቴ ለተቀመጡት ባልና ሚስት ሳይቀር አካፍዬ ተርፎኝ ገባሁ። አንተ ብዬ መጻፍ እጄ ገና አልለመደውም፤ «እርስዎ እርስዎ ስትባባሉ ጆሮዬን አሳመማችሁኝ» ያሉትን እማማን ፈርቼ ነው።

ጣቢያው ላይ ስንሰነባበት «ከፋሽ?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ ባቡሩ መጣና ሳልመልስልህ ገባሁ። አልከፋኝም። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ተራው የእኔ ሲሆን ምንም አልመጣልኝም። እኔው የጻፍኩት ጥያቄ ነው፤ ስንት ሰው ጠይቄበታለሁ። አንተ መጽሐፉን ይዘህ አየኸኝ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ አየችኝ። አሁን ይስቃሉ፣ ወይም አንዱ ይናገርልኛል፣ ወይም ገጹን ይገልጠዋል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልገለጠም። ጥበቃው ወንበሩን አመቻችቶ ተቀመጠ፤ ሥራው መጠበቅ ነውና ያውቅበታል። እማማ «ትናገራለች፤ ፀሐይ ገና ናት አይደል?» አሉ። ሻዩ በረደ። እኔም ዝም እንዳልኩ ቀረሁ፤ እናንተም ዝም እንዳላችሁ ቆያችሁ። መጨረሻ ላይ አንተ በቀስታ «ትሄዳላችሁ» ብለህ ቀጠልክ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

እኛ ቤት የነበረው ዝምታ እንዲያ አልነበረም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ በባቡሩ መስኮት ስፈልገው መጣሁ። እዚያኛው ውስጥ ማንም ማንንም አይጠብቅም ነበር።

ቤት ስገባ ልብስ ሰፊው ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። «የት ጠፍተሽ ነው? መስኮትሽ ጨለማ ሲሆን ደነገጥኩ» አለኝ። መስኮቴን የሚያይ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። ከባለቤቴ መልእክት ጠብቆኛል፤ የቀለም መርጫውን እንድልክለት ነው። ጠቅልዬዋለሁ፤ ነገ ይላካል። መጠቅለሉ ካሰብኩት በላይ ከብዶኝ ነበር፤ ይህንንም ላንተ ካልሆነ ለማንም አልናገረውም።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ልለው የነበረው ድንገት መጣልኝ። ትንሽ ነገር ናት። እሑድ ስትገናኙ ንገርልኝ፤ ዘግይታለች ብለው እንዳይተዉአት። ተራዬ ሲደርስ እንዲህ ልል ነበር፦ «ደክሞኛል፤ ትንሽ እንቀመጥ።»

ጥርስ ሠሪዋ